ያገለገለ ፒፓ ስንገዛ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያገለገለ ፒፓ መጀመሪያ ሲያዩት ያስጠላል። ጠርዙ ጠቁሯል፣ ውስጡ ጥቀርሻ ሞልቶታል፣ አፍ ላይ የሚገባው ጫፍ ቡናማ ሆኗል። ብዙ ሰው እዚሁ ላይ መልሶ ያስቀምጠዋል። አጠገቡ ያለውን የሚያብረቀርቀውን አንስቶ ከፍሎ ይሄዳል። ያ የሚያብረቀርቀው ግን ስንጥቁ በሰም የተሸፈነ ሊሆን ይችላል። ቆሻሻ ይለቃል። የተሰነጠቀ ወይም የተቃጠለ እንጨት ግን ወደ ቀድሞው አይመለስም። ፒፓ መምረጥ ማለት እነዚህን ሁለቱን መለየት ማለት ነው።

ለመግባባት ያህል፣ ትምባሆ የሚሞላበትን ክፍል «ራስ»፣ የራሱን ውስጥ «ጎድጓዳ»፣ ከራሱ ተያይዞ የሚወጣውን እንጨት «አንገት»፣ አፍ ውስጥ የሚገባውን ክፍል «መሳቢያ» እላለሁ። መሳቢያው አንገቱ ውስጥ የሚሰካበትን ቀጭን ጫፍ ቧንቧ ሠራተኞች እንደሚሉት «ወንዴ» እለዋለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አዲስ መግዛት እየተቻለ ያገለገለ ለምን ይገዛል?

አንደኛው ምክንያት ዋጋ ነው። ስም ያለው የእንግሊዝ ወይም የጣሊያን ፒፓ አዲሱ በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። ያገለገለው በጣም ባነሰ ዋጋ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት እንጨቱ ነው፤ እኔን የሚስበኝም ይኼኛው ነው።

አብዛኛው ጥሩ ፒፓ የሚሠራው ብራየር ከሚባል እንጨት ነው። ብራየር ኤሪካ አርቦሪያ የተባለው ተክል ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚያበቅለው እብጠት ነው። ተክሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሰሜንና በባሌ ተራሮች የምናውቀው አስታ ራሱ ነው። ለፒፓ የሚሆነው እብጠት ግን የሚቆፈረው ከሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ነው፤ ከጣሊያን፣ ከኮርሲካ፣ ከግሪክ፣ ከአልጄሪያ። ተቆፍሮ ለብዙ ሰዓታት ይቀቀላል። ከዚያ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይደርቃል። በፈረንሳይ ጁራ ተራሮች ያለችው ሴንት ክሎድ ከተማ ከ1850ዎቹ ጀምሮ በዚህ ሥራ ስሟ የተጠራ ናት። ይህ እንጨት እሳት ይችላል፣ እርጥበት ይመጥጣል፣ በቀላሉም አይቃጠልም። በአግባቡ ከተያዘ ፒፓው ከባለቤቱ በላይ ይኖራል። የሞተ ሰው ፒፓ ገበያ ላይ የሚወጣውም ለዚህ ነው።

ለሁሉም ፒፓ ግን ያገለገለ አይመከርም። ከበቆሎ ቆረቆንዳ የሚሠራውን ፒፓ አዲሱን ግዙ። በአሜሪካ ዋሽንግተን በምትባለው የሚዙሪ ከተማ ከ1869 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው፤ አዲሱም ርካሽ ነው። ያገለገለውን ለማጽዳት የምታጠፉት ጊዜ አያዋጣም።

ፒፓው እጄ ላይ ሲገባ መጀመሪያ ምኑን ልይ?

በመጀመሪያ መሳቢያውን አውጡ። ሻጩን አስፈቅዱና በአንድ እጅ አንገቱን፣ በሌላው መሳቢያውን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ እያዞራችሁ ሳቡ። ራሱን ይዞ ማዞር አንገቱን ሊሰብረው ይችላል። ትኩስ ፒፓ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፤ እንጨቱ በሙቀት አብጦ ወንዴውን ስለሚያንቀው ወይ ወንዴው ይሰበራል ወይ አንገቱ ይሰነጠቃል። አልንቀሳቀስ ካለ አታስገድዱት። እቤት ወስዳችሁ ፍሪዘር ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ብታስቀምጡት ብዙ ጊዜ ይለቃል። ሻጩ «እኔ ላውጣልህ» ብሎ በጉልበት ሲጎትት ካያችሁት ግን አስቁሙት።

መሳቢያው ሲወጣ ሦስት ነገር ታያላችሁ። የመጀመሪያው ወንዴው ሙሉ ነው ወይስ ተሰብሮ የተቀጠለ የሚለው ነው። ሁለተኛው የአንገቱ አፍ ዙሪያ ነው። አብዛኛው ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ሦስተኛው ቀዳዳው ነው። ፒፓ የሚጸዳበት ባለ ጥጥ ሽቦ ካላችሁ በአንገቱ በኩል ላኩትና በስልካችሁ መብራት ጎድጓዳውን ከላይ ተመልከቱ። የሽቦው ጫፍ የጎድጓዳው ወለል ላይ፣ መሃል ላይ ብቅ ማለት አለበት። ከወለሉ ከፍ ብሎ ከወጣ ከሥሩ እርጥብ ትምባሆ ሳይነድ ይቀራል። ይህ ሲሠራ የተፈጠረ ጉድለት ስለሆነ በማጽዳት አይስተካከልም። ቀዳዳው ከወለሉ በላይ የቀረው ወለሉ ራሱ በቢላዋ ተቆፍሮ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። የታችኛው እንጨት ሳስቷል ማለት ነው።

መልሳችሁ ስትሰኩት በእንጨቱና በመሳቢያው መሃል ብርሃን ማለፍ የለበትም። ጣታችሁን መጋጠሚያው ላይ አሳልፉ። ደረጃ ከተሰማችሁ ወይ መሳቢያው የሌላ ፒፓ ነው ወይ አንገቱ በብርጭቆ ወረቀት ከመጠን በላይ ተፍቋል።

ስንጥቅ እንዴት ይታወቃል? ሁሉም ስንጥቅ መጥፎ ነው?

ስንጥቅ በሦስት ቦታ ይፈለጋል።

አንገት ላይ ያለው ከመጋጠሚያው ተነስቶ ወደ ራሱ የሚሄድ ፀጉር የመሰለ መስመር ነው። ከእንጨቱ ተፈጥሯዊ መስመር ጋር ይምታታል። መብራቱን ከጎን አብሩበት። የእንጨቱ መስመር ዝም ብሎ ቀለም ነው። ስንጥቅ ግን ጥላ ይይዛል፤ ቆሻሻም ስለሚገባበት ከዙሪያው ይጠቁራል። ጥፍራችሁን አግድም ስትሳቡበት ያዝ ያደርጋል። ይህ ስንጥቅ የሚጠገን ነው። በጥሩ ሙጫ ተጣብቆ የብረት ቀለበት ይታሰርበታል። ፒፓው ይሠራል፤ ዋጋው ግን በግልጽ መውረድ አለበት። በተቃራኒው አንገቱ ላይ ቀለበት ያለበት ፒፓ ስታዩ ቀለበቱ የፋብሪካው ነው ወይስ በኋላ ስንጥቅ ለመሸፈን የገባ ነው ብላችሁ ጠይቁ። የፋብሪካውን ማህተም ግማሹን የሸፈነ ቀለበት በኋላ የመጣ ነው።

ጎድጓዳ ውስጥ ያለው ይበልጥ አሳሳቢ ነው። በሙቀት የተከፈቱ መስመሮች እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቀው ይታያሉ። አንዳንዴ የተሰነጠቀው ጥቀርሻው ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ደህና ነው። ጥቀርሻው ሳይፋቅ ይህን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ፒፓ ስንጥቁ እንጨቱ ላይ ነው ብላችሁ ገምቱና በዚያው ሒሳብ ዋጋ ስጡ።

ሦስተኛው ከላይ ጠርዝ ጀምሮ በራሱ ግድግዳ ወደ ታች የሚወርድ፣ ከውስጥም ከውጭም የሚታይ ስንጥቅ ነው። ይህን ለማጨስ አትግዙ። በሞቀ ቁጥር ይከፈታል።

ከስንጥቅ ጋር አብሮ መታየት ያለበት ቃጠሎ ነው። የራሱን ውጪ ዙሪያውን ተመልከቱ። በአንድ ቦታ ብቻ ክብ ጥቁር ጥላ ካለ፣ ያ ቦታ ከውስጥ እየተበላ ነው። መብራቱን ወደ ጎድጓዳው አስገብታችሁ የዚያኑ ቦታ ውስጠኛ ግድግዳ ፈልጉ። ጎድጎድ ያለና ከሰል የሆነ ነገር ካያችሁ እሳቱ ሊበሳው የቀረው ትንሽ ነው።

ውስጡ በጥቀርሻ ተሞልቷል። ልተወው?

አትተዉት። ግን ጥቀርሻው የሚናገረውን ስሙ። በብራየር ፒፓ ውስጥ ስስ የከሰል ሽፋን ይፈለጋል፤ እንጨቱን ከእሳት ይከላከላል። ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር በቂ ነው። ከዚያ ሲወፍር ችግር ይመጣል። ከሰሉና እንጨቱ በሙቀት እኩል ስለማይለጠጡ ወፍራሙ ከሰል እንጨቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ጠቋሚ ጣት የማያስገባ ጎድጓዳ ለዓመታት ያልተፋቀ ነው። እንዲህ ያለው ፒፓ ጠርዙ ላይ የስንጥቅ ጅምር እንዳለበት ደጋግማችሁ ፈትሹ።

ገዝታችሁ ስትፍቁ ኪስ ቢላዋ አትጠቀሙ። ቢላዋ ክቡን ወደ እንቁላል ቅርጽ ይቀይረዋል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መፋቂያ አለ፤ ከሌለ ደግሞ ጣት በሚያህል ክብ እንጨት ላይ የብርጭቆ ወረቀት ጠቅልሎ ቀስ ብሎ ማዞር ይሻላል።

ጠርዙ ጠቁሯል። ተቃጥሏል ማለት ነው?

ሁለት ዓይነት ጥቁረት አለ። አንደኛው የጭስ ቅጥራን ነው፤ እንጨቱ ላይ ተለጥፎ የደረቀ። በትንሹ እርጥብ በሆነ ጨርቅ ብትፈትጉት ጨርቁ ይጠቁራል፣ ከሥሩም እንጨት ይታያል። ፒፓ አዳሾች ምራቃቸውን ይጠቀማሉ፤ ደህና አድርጎ ያስለቅቃል። ሁለተኛው በላይተር እሳት የተበላ እንጨት ነው። ይህ አይለቅም። ጣታችሁን በጠርዙ ላይ ስታዞሩ አንድ ቦታ ላይ ዝቅ ይላል። አጫሹ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ስለሚለኩስ ቃጠሎውም በአንድ በኩል ነው።

የተበላ ጠርዝ ፒፓውን አይገድለውም። አዳሹ ከላይ ትንሽ ፍቆ ደልዳላ ያደርገዋል። በዚያን ጊዜ ግን የራሱ ቁመት ያጥራል፣ ቅርጹም ይለወጣል። «የታደሰ» የሚባለው ፒፓ ከላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ካያችሁት የዚያኑ ሞዴል ያልተነካ ፎቶ ፈልጋችሁ አወዳድሩ።

መሳቢያው ቡናማና አረንጓዴ መስሏል። ይስተካከላል?

አዎ፣ ይስተካከላል። በድሮ ፒፓዎች ላይ የምታዩት ጥቁር መሳቢያ በአብዛኛው ኢቦናይት ነው፤ ጎማ ከድኝ ጋር ተጋግሮ የጠነከረ። ፀሐይና አየር ሲነካው ድኙ ወደ ላይ ይወጣል። መልኩ የደረቀ ወይራ ቅጠል ይሆናል፣ ይሸታል፣ ከንፈር ላይም ይመራል። በውሃ በተነከረ የብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው እየቀየራችሁ ስትፈትጉት ጥቁረቱ ይመለሳል። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ከባድ አይደለም። መሳቢያው ላይ የፋብሪካው ምልክት ካለ ግን በዙሪያው ተጠንቀቁ። ምልክቱ ተፍቆ ከጠፋ የዋጋው ግማሽ አብሮ ሄደ በሉት።

አክሪሊክ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ መሳቢያ መልኩን አይቀይርም። ጥርስ ላይ ግን ይጠነክራል።

የጥርስ ምልክት አለበት።

ኢቦናይት ከሆነና ጥርሱ አጎድጉዶት ብቻ ካለፈ መፍትሔው ሙቀት ነው። የላይተር እሳት ሳይነካው ከላይ ከላይ ብታሳልፉበት የተረገጠው ክፍል በከፊል ወደ ነበረበት ይነሳል። አክሪሊክ አይነሳም። ጥርሱ በስቶ ካለፈ ወይም ጫፉ ላይ ያለው፣ ከጥርስ ኋላ የሚያዘው ከፍታ ተበልቶ ካለቀ፣ መሙላት ወይም አዲስ መሳቢያ ማሠራት ነው የሚቀረው። የአዲስ መሳቢያ ዋጋ ከፒፓው ሊበልጥ ስለሚችል ይህን ስታዩ መጀመሪያ ሒሳብ ሥሩ።

እንጨቱ ላይ ስቱኮ የተሞላበት ነጠብጣብ አየሁ።

ብራየር ውስጥ አሸዋና ጥቃቅን ጉድጓድ ይገኛል። ፋብሪካዎች በስቱኮ ሞልተው ቀለም ይቀቡበታል። ጊዜ ሲያልፍ ስቱኮው ሮዝ ወይም ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ማጨሱን አይጎዳም። ውድ ተብሎ ለሚሸጥ ልሙጥ ፒፓ ግን ነውር ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ጉድለት ያለበትን እንጨት በሌላ ስም፣ በርካሽ ዋጋ ይሸጡታል። ለማጨስ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ እነዚህ «ሁለተኛ ደረጃ» የሚባሉት ለገንዘባችሁ ጥሩ ምርጫ ናቸው።

የማላውቀው ሰው አፍ የነካውን ነገር አፌ ውስጥ ማስገባት አያስፈራም?

ሳይጸዳ ከሆነ አዎ። ባለ ጥጥ ሽቦ በንጹህ አልኮል እየነከራችሁ በመሳቢያውና በአንገቱ አሳልፉ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ቡና አተላ ጠቁረው ይወጣሉ። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ቀጥሉ። የመሳቢያውን ውጪም በአልኮል ጥረጉት። አልኮሉ የራሱን ውጪ እንዳይነካው ተጠንቀቁ፤ ቀለሙንና ቫርኒሹን ያነሳዋል። ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አይሆንም።

ሽታውስ? የቀድሞው ባለቤት ትምባሆ አሁንም ይሸታል።

ይህ የተለመደ ነው፤ በተለይ ላታኪያ የሚባለው በጭስ የሚታጠን ጥቁር ትምባሆና ሽቶ የበዛባቸው የእንግሊዝ ትምባሆዎች እንጨት ውስጥ ይሰርጋሉ። ጥቀርሻውን ፍቁ፣ ጎድጓዳውን በጥጥ ሙሉት፣ ጥጡ እስኪርስ አልኮል ጠብ ጠብ አድርጉበትና አሳድሩት። ጠዋት ጥጡ ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያስፈልጋል ካላችሁ ድገሙት። ከዚያ ማጨስ ሳይጀመር ለጥቂት ቀናት ይድረቅ። በጥጥ ፈንታ ጨው የሚጠቀሙ አሉ። እኔ ጥጥን እመርጣለሁ። ጨው አንገቱ ውስጥ ከገባ እንጨት ይሰነጥቃል የሚሉ አዳሾች ስላሉ፣ ጥጥ ተመሳሳይ ሥራ እየሠራ ስጋቱን መሸከም አያስፈልግም።

በኢንተርኔት በፎቶ ብቻ ስገዛ ምን ልጠይቅ?

ኢቤይ ላይ የሚሸጡት ብዙዎቹ ስለ ፒፓ ምንም የማያውቁ ሰዎች ናቸው። የአያታቸውን ቤት እያጸዱ ያገኙትን ነው የሚለጥፉት። ስለዚህ «ሁኔታው እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይረዳም፤ «ጥሩ ነው» ይሏችኋል፤ ከልባቸውም ነው። ፎቶ ጠይቁ። ጎድጓዳው ከላይ ቀጥ ብሎ፤ መሳቢያው ወጥቶ የአንገቱ አፍ ከፊት ለፊት፤ ወንዴው ከጎን፤ የመሳቢያው ጫፍ ከላይም ከታችም፤ በአንገቱ ግራና ቀኝ ያለው ጽሑፍ መብራት ከጎን እየበራበት። መሳቢያው ወጥቶ ፎቶ እንዲነሳ ስትጠይቁ «አይወጣም» ካሉ መቆለፉን አወቃችሁ፤ ያም ራሱ መረጃ ነው። ቢያንስ ባለ ጥጥ ሽቦ ወይም የጆሮ መጥረጊያ ጎድጓዳው ውስጥ አስገብተው የጥቀርሻውን ውፍረት እንዲያሳዩአችሁ ማድረግ ይቻላል።

በደማቁ የሚያብረቀርቅ አንድ ፎቶ ብቻ ያለው፣ ተጨማሪ የማይልክ ሻጭ ካጋጠማችሁ እለፉት። ሌላ ፒፓ አይጠፋም።

ነጭ ነጥብ ያለው ሁሉ ደንሂል ነው?

አይደለም። መሳቢያው ላይ ያለች ነጭ ነጥብ የእንግሊዙ ፒፓ ሠሪ የደንሂል ምልክት ናት፤ ግን የሌሎች ፒፓዎች መሳቢያ ላይም ትገኛለች። የደንሂል መሳቢያ ከሌላ ፒፓ ጋር የተገጠመበትም አለ። ደንሂልን የሚነግራችሁ እንጨቱ ላይ የተመታው ጽሑፍ ነው።

አልፍሬድ ደንሂል ለንደን ዱክ ስትሪት ላይ ሱቁን የከፈተው በ1907 ነው። የራሱን ፒፓ መሥራት የጀመረው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ፋብሪካው እያንዳንዱ ፒፓ ላይ የተሠራበትን ዓመት የሚያመለክት ቁጥር ይመታል፤ ሰብሳቢዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» ከሚለው ቀጥሎ ትንሽ ቁጥር ከሥሯ ተሰምሮባት ታገኛላችሁ። የፓተንት ቁጥር ሳይኖርበት ባለ ሁለት አሃዝ ከሆነች፣ አብዛኛውን ጊዜ 1960 ላይ ትደምሯታላችሁ። 13 ከሆነች 1973፣ 21 ከሆነች 1981። የፓተንት ቁጥር አብሮት ካለ ፒፓው ከዚያ የቆየ ነው፤ ስሌቱም ይለያል። በክብ ውስጥ ያለች ቁጥር ደግሞ መጠኑን ትነግራለች።

ጽሑፉ በማንጸባረቂያ ማሽን ተፍቆ ግማሹ ከጠፋ ዋጋው በጣም ይወርዳል። እንጨቱ ያው ነው፣ ማጨሱም ያው ነው። ለማጨስ የምትገዙ ከሆነ ይህ ዕድላችሁ ነው። መልሳችሁ ለመሸጥ ከሆነ ግን አትንኩት።

ቀለበቱ ብር ነው ወይስ ኒኬል?

ይህ ጥያቄ በብዛት የሚመጣው በአየርላንዱ ፒፓ ሠሪ በፒተርሰን ላይ ነው። በደብሊን የተፈተሸ እውነተኛ ብር አየርላንድን የምትወክል የተቀመጠች ሴት ምስል፣ ዘውድ የጫነ በገናና ዓመቱን የሚያሳይ ፊደል አለው። ሻምሮክ የሚባለውን ባለ ሦስት ቅጠል ተክል፣ ውሻና ክብ ማማ ካያችሁ ግን ኒኬል ነው። የብር ማህተም ይመስላሉ፤ ግን የፋብሪካው ጌጥ ናቸው። ሻጮች ራሳቸው ይሳሳቱበታል።

ፒተርሰን ላይ ሌላም ጠቃሚ ነገር አለ። «አይሪሽ ፍሪ ስቴት» የሚል ከሆነ ከ1922 እስከ 1937 ባለው ዘመን የተሠራ ነው። «ሪፐብሊክ ኦፍ አየርላንድ» የሚል ከሆነ ከ1949 ወዲህ ነው። በ1890 ፓተንት ያገኘው «ሲስተም» የሚባለው ሞዴላቸው አንገቱ ውስጥ እርጥበት የሚጠራቀምበት ጉድጓድ አለው። ስለዚህ ከላይ የነገርኳችሁ የሽቦ ፈተና እዚህ አይሠራም፤ ሽቦው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። ጉድለት አይደለም። ይልቅ ጉድጓዱን በደንብ አጽዱት፤ የዓመታት እርጥበት የደረቀው እዚያ ነው።

አሜሪካ ነው የምኖረው። ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ስሪፍት ሱቅና የሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ ላይ የማገኛቸውስ?

ኬይዉዲ፣ የሎ ቦል፣ ሜዲኮ፣ ዶክተር ግራቦ የሚባሉ የአሜሪካ ፒፓዎችን ታገኛላችሁ። ርካሽ ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን በትክክል ያጨሳሉ። ከእነዚህ ውስጥ ኬይዉዲን ለይታችሁ ተመልከቱ። መሳቢያው የሚሰካ ሳይሆን የሚጠመዘዝ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ጎትታችሁ ለማውጣት አትሞክሩ። ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያላት የብረት ኳስ አለች። አራት ቀዳዳ ያላት ሦስት ቀዳዳ ካላት የቆየች ናት፤ ሰብሳቢዎችም ይፈልጓታል። ይህቺ ብረት ብዙ ጊዜ በቀድሞው ባለቤት ተቆርጣ ትገኛለች። ለማጨስ ችግር የለውም፤ ዋጋ ግን ቀንሱበት። መሳቢያው ተጠምዝዞ ሲያልቅ ከራሱ ጋር ቀጥ ካላለ ክሩ አልቋል።

አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ወንዴው ውስጥ ሰፊ ቀዳዳ ያለበት ፒፓ ይገጥማችኋል። ለ9 ሚሊሜትር ማጣሪያ የተሠራ ነው፤ በተለይ ጀርመን ውስጥ የተለመደ ነው። የሮም ፖርታ ፖርቴዜ፣ የፓሪስ ሴንት ኦዌን፣ ከአውሮፓ ውጪ ደግሞ የእስራኤሏ ጃፋ የድሮ ዕቃ ገበያ ፒፓ የሚወጣባቸው ቦታዎች ናቸው። እዚያ ሦስት አራቱን አንድ ላይ አንሱና ለጥቅሉ ዋጋ ጠይቁ። አንድ በአንድ ከመከራከር ይሻላል።

ነጭ፣ ድንጋይ የመሰለ፣ ፊት የተቀረጸበት ፒፓ አየሁ።

ሜርሻም ነው። ከቱርክ፣ ከኤስኪሸሂር አካባቢ የሚወጣ ቀላል ማዕድን ነው። በታንዛኒያም ይወጣል። ፍርዱ ከብራየር ይለያል። ሲጨስ ወደ ማር ቀለም መቀየሩ ጉዳት ሳይሆን ክብሩ ነው፤ እኩል የተሰራጨ ቢጫነት ዋጋ ይጨምራል። ጥቀርሻ ግን በጭራሽ አይፈለግበትም። ሲወድቅ ስለሚሰበር ተሰብሮ የተጣበቀ ብዙ ነው። የሙጫው መስመር ቀለም ስለማይወስድ ነጭ ክር ሆኖ ይታያል፤ በተለይ የአንገቱን ሥርና የጺሙን ጫፍ እዩ። ሳጥኑ አብሮት ካለ አትተዉት። ሳጥኑ ለፒፓው ልክ የተሠራ ነው።

የታደሰ ልግዛ ወይስ እንዳለ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከታወቀ አዳሽ የታደሰ ግዙ። ጥሩ አዳሽ ምን እንዳደረገ ይናገራል፤ ጠርዙን ፍቄያለሁ፣ እዚህ ስንጥቅ ነበር፣ መሳቢያው አዲስ ነው ይላል። ከማደሱ በፊት የነበረውንም ፎቶ ያሳያል። ይህን የማያሳይ «የታደሰ» ከቆሻሻው ይበልጥ ያሳስበኛል። ጎድጓዳው ውስጥ ጥቁር ቀለም የተቀባ ከሆነም ጠይቁ። አንዳንዱ ሽፋን ለመከላከያ ነው፤ አንዳንዱ ግን የቃጠሎ ጉድጓድ መሸፈኛ ነው።

የድሮ ጋያስ?

ጋያ ሌላ ዓለም ነው። ጭሱ ቅል ውስጥ ባለው ውሃ አልፎ ስለሚመጣ አሠራሩም አፈታተሹም ይለያል። የድሮ ጋያ ካገኛችሁ ለማጨስ ሳይሆን ለቅርስነቱ ያዙት። ቅሉ ተሰንጥቆ በቆዳ ወይም በክር የተሰፋ ከሆነ ስፌቱን አትፍቱ፤ ያ ጥገና የዕቃው ታሪክ ነው።

ፒፓ ከሲጋራ ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?

ጭሱ ወደ ሳንባ ስለማይሳብ ችግር የለውም የሚባለውን አትመኑ። የከንፈር፣ የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰር ያመጣል። የማያጨስ ሰው ለፒፓ ብሎ ይጀምር አልልም። ሰብስበው በፍጹም የማይለኩሱት ብዙ ናቸው፤ የእንጨቱ መስመርና የእጅ ሥራው ብቻ ይበቃቸዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህኛው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል፤ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶች ውስጥ ማጨስንም እንዲሁ። አሜሪካም የመግዣ ዕድሜው 21 ነው።

የአባቴ ፒፓ ቤት አለ። ስንት ያወጣል?

መጀመሪያ አታጽዱት። ማህተሙን በጎን መብራት ፎቶ አንሱ፤ ስሙን፣ አገሩንና ቁጥሮቹን እንዳሉ ገልብጡ። ከዚያ ኢቤይ ላይ «የተሸጡ» የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ ስምና ቁጥር ፈልጉ። ለሽያጭ የተለጠፈው ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው፤ የተሸጠበት ዋጋ ነው እውነተኛው። አብዛኛው ፒፓ ብዙ አያወጣም። ስሙ የማይታወቅ፣ ጠርዙ የተበላ የ1960ዎቹ ፒፓ ከሆነ አትሽጡት እላለሁ። የምታገኙት ገንዘብ ትንሽ ነው፤ በጥርሱ ያጎደጎደውን መሳቢያ ግን ሌላ ቦታ አታገኙትም። ያንን ምልክት በላይተር ሙቀት አታንሱት። ውስጡን ብቻ በአልኮል አጽዱ፣ ውጪውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ፀሐይ በማይመታው ቦታ አስቀምጡት።